የጃቫው ዘበኛ ለእትዬ አስካለ የሰገደ ዕለት

ትናንት ከሰዓት ብሉር ጎዳና ላይ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን እየበላን... እትዬ አስካለ ጉርሻዋን ሳትውጥ «የጃቫ ንጉሥ ዘበኛ እኮ ለእኔ ሰገደ!» አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔን ትን አለኝ።

ትን ያለኝ በምግቡ አይደለም። እኔም እዚያው ነበርኩ!

እትዬ አስካለ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እንደ እሷ አባባል ደሟ ከነገሥታት ይቀዳል። የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንደ ሰሚው ይለያያል፤ ጎንደሬ ከተቀመጠ ከጎንደር፣ ሸዌ ከተቀመጠ ከሸዋ። ወንድሟ እኔን ሲያገባ «እንግዲህ ልቡ ከወደደ ምን ይደረጋል» ብላ ነው የመረቀችኝ... ምርቃት ከተባለ። (ስልኳን ለመደወል ብቻ ስለምትጠቀምበት ነው እዚህ ገጼ ላይ እንዲህ የምዘረግፈው።)

ልጇ ናሆም ደግሞ ከሥራ ቦታው ሳሪ የምትባል የጃቫ ልጅ ወዶ «ላገባት ነው» አለ። ጃቫ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ልጅቷ ወርቅ! አማርኛ ሁሉ ጀምራለች። እትዬ ግን ኢቶቢኮ ሰፈር ያለው ቤቷ ጠርታት፣ ገና ሻይ ሳይቀርብ «እስቲ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪ» አለቻት። ምስኪን ሳሪ አያቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አያትሽ ምን ነበሩ?»

«አስተማሪ።»

«ከዚያ በላይስ?»

«...ገበሬ መሰለኝ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «በቃ፣ ሜዳ ላይ የበቀለች ናት» አለች። የእኛዎቹ በሬ ጠምደው የማያውቁ ይመስል!

ናሆም እናቱ ካልመረቀች አያገባም። ሳሪም ይህን ታውቃለች። እትዬ ደግሞ «አገሯ ሄጄ ቤተሰቧን በዓይኔ ካላየሁ አልመርቅም» አለች። ሰው ባትፈራም አውሮፕላን ትፈራለችና ለእኔ ደውላ «ተነሺ» አለችኝ። ሳሪን መሪ አድርገን ጃቫ ገባን።

በማግስቱ፣ ቤተሰቧ ጋ ከመሄዳችን በፊት፣ ሳሪ ቤተ መንግሥት ልታሳየን ወሰደችን። ንጉሡ ዛሬም ይኖርበታል፣ ግማሹ ሙዚየም ነው። እትዬ ለዚህ ስትል ጠዋት ገበያ ወርዳ «የንጉሥ የሆነውን አምጣ» ብላ ሰያፍ ሰያፍ ጥለት ያለው ቡናማ ጨርቅ ገዝታለች። እንደ ነጠላ አጣፍታ ለብሳው፣ የእኔን ጃኬት ከላይ እስከ ታች እያየች «ቤተ መንግሥት የሚገባው እንደ ቤተ መንግሥት ሰው ተለብሶ ነው» ትለኛለች።

በሩ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ዘበኛ ቆሟል። እግሩ ባዶ፣ ራሱ ላይ ጥምጥም፣ ከጀርባው ጩቤ ሸጉጧል። እትዬን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ለሳሪ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አላት።

«እማማ... ከንጉሡ ቤተሰብ ነዎት ወይ ይላል» አለች ሳሪ፣ ፈራ ተባ እያለች።

የእትዬ ፊት በራ! «አየሽ? ደም አይደበቅም!» አለችኝ። ከዚያ ለሳሪ «አዎ በይው!»

«የእኛን ንጉሥ ማለቱ ነው እኮ...»

«ንጉሥ ንጉሥ ነው! ኢትዮጵያ በይው፣ ይገባዋል!»

አልገባውም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በአውራ ጣቱ ጠቆመ። እትዬ መነጽሯን ሆቴል ትታለች፤ እኔ ግን እንግሊዝኛውን አነበብኩት። የእትዬ ጨርቅ ራሱ፣ ያው ሰያፍ ጥለት፣ በሥዕል... በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበት! ያ ጥለት የንጉሡ ቤተሰብ ብቻ የሚለብሰው ስለሆነ እንግዳ ለብሶት ግቢውን አይረግጥም ይላል።

ሳቄን ለማፈን ሆዴን ያዝኩ። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ቀን!

ሳሪን ሳያት ግን ሳቄ ቆመ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ያውልቁት ተብለዋል» ብትላት ሠርጉ እዚያው በር ላይ ተቀበረ። እትዬ በዘበኛ ተዋርዳ፣ ያንን ያየች ምራት ቤቷ አታስገባም።

ሳሪ ወደ እትዬ ጠጋ አለች። ትንሽ ጎንበስ አለችና «እማማ፣ ይሄ ጨርቅ በጣም የተከበረ ስለሆነ አቧራ እንዳይነካው እኔ ልጠብቅልዎት ይላል» አለች።

ወይ ልጅት!

እትዬ ጨርቁን ከትከሻዋ ቀስ አድርጋ አወረደች... ዘውድ የምታስረክብ ነው የሚመስለው። ዘበኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። እዚያ አገር ውሃ የሚሸጥልህም እንዲሁ ጎንበስ ይላል፤ ግን ማን ይንገራት?

ውስጥ ከገባን በኋላማ አታምጡት። የንጉሡን ሰረገላ አይታ «የአያቴ ይበልጣል» አለች። አንዱን ንጉሥ ፎቶው ላይ አይታ «ይሄ ቁርጥ አጎቴን!» አለች። እዚያው ፎቶው ፊት ሳሪን ጠርታ ግንባሯን ሳመቻት። «የሰው ክብር ታውቃለች። ከታች የመጣ ይሄን አያውቅም» ብላ መረቀቻት። ሳሪ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ... በሳቅ ይሁን በሌላ፣ እሱን ተዉት።

እና ትናንት ብሉር ላይ ይኸው «ሰገደልኝ»። ሰዉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። አንዱማ «እውነት ግን?» ብሎ ጠየቀ።

«ንገሪያቸው እንጂ! አንቺ አይተሽ የለ?» አለችኝ እትዬ።

ያ ቀይ መስመር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሳሪ ፊት ለፊቴ ሰሃኗን አቀርቅራ ታያለች። ሠርጉ ገና ነው...

«አዎ፣ ሰግዷል» አልኩ። «እንዲያውም ሁለቴ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከእትዬ ጋር እውነት ይዤ ስጨቃጨቅ ኖርኩ... ለካ የሚያስፈልጋት ጎበዝ አስተርጓሚ ነበር!