የአድጎ ልጅ አጥንት

ፍኖተ ሰላም

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ደጃፍ ስንነሣ የነበርነው እነዚህ ነን። መሪጌታ ጥበቡ ከመኪናው ፊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ቆመዋል። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ የኋላውን በር ይዘው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል፤ ሌላው ገና መሬት ላይ ነው። ጎረቤቴ ጥሩዬ በአጥሯ ላይ ተንጠራርታ ታያለች። ይበልጣል ጎማውን ሊያይ ጎንበስ ብሏል። እኔ በሩን እየቆለፍኩ ነበር።

ጉዳያችን ሽምግልና ነው። ይበልጣል የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ብዙ ዓመት አውሮፓ ኳስ ተጫውቶ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ተመለሰና አሁን ባሕር ዳር ልጆች ያሠለጥናል። ለእግሩ ክትትል ወደ ከተማችን ሆስፒታል ሲመላለስ ራጅ ክፍል ከምትሠራ ስመኝ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ፤ ተስማሙም። ስመኝ ግን አባቷ ሳይመርቁ እንደማታገባ ነገረችው። አባቷ አቶ ሙሉነህ ከቡሬ ወዲያ የሚያርሱ ሰው ናቸው። የላኩት መልስ አጭር ነበር፤ «አጥንቱን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም።»

አጥንት በእኛ አገር ዘር ማለት ነው። የይበልጣል አባት አድጎ ከመተከል ቆላ መጥቶ በበቆሎ እርሻ ላይ የሚሠራ፣ ረጅም፣ በጣም ጥቁር፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። እህቴ ስታገባው ዘመድ አኮረፈ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አባታችን በራሳቸው ስም አስመዘገቡት፤ ይበልጣል ተገኘ ተባለ። ያም ሆኖ የክፍል ጓደኞቹ መልኩን እያዩ የአባቱን ወገን በሚሰድቡበት ቃል ይጠሩት ነበር። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

ጥሩዬ ከአጥሯ ላይ «እትዬ፣ ሴትም ሽማግሌ ትሆን ጀመር?» አለችኝ።

«አሳዳጊ ነኝ። ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ሙሽራውስ? ራሱን ሊለምን ነው የሚሄደው?»

«ሹፌሩ አሞት ቀርቶ ነው» አሉ ሐጂ ከመኪናው ውስጥ። «ዛሬ ሹፌር ነው። ሙሽራ የሚሆነው ስንመለስ ነው።»

ወደ ቡሬ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታ ቡሬ ደውለን አጣርተናል። ታኅሣሥ ስለሆነ የላህን ወንዝ ካለፍን በኋላ በግራም በቀኝም የበቆሎው አገዳ ደርቆ ቆሟል። ጤፉ በአብዛኛው ታጭዷል። አንዳንዱ ማሳ ላይ ክምሩ ገና ወደ አውድማ አልገባም። ማንኩሳ ላይ የገበያ ሰው መንገዱን ስለሞላው እየተጎተትን አለፍን፤ አህዮቹ በቆሎና ድንች ተጭነው ለመኪና አይሸሹም። ሐጂ ዝም ማለት አይወዱም።

«ይበልጣል፣ እውነት ነው አውሮፓ ሜዳ ላይ ሙዝ ወርውረውብሃል የሚሉት?»

«ወርውረውብኛል፣ ሐጂ።»

«የበሰለ?»

«አላየሁትም።»

መሪጌታ «ሐጂ፣ ልጁ ስለ ስድብ ነው የሚያወራው» አሉ።

«እኔም እኮ ልረዳ ነው። እኛ ዘንድ ሙዝ የሚወረውር ሰው ቢገኝ ሰው ይሻማበት ነበር። እሺ፣ ከዚያስ ምን አደረግህ?»

«የማዕዘን ምት ልመታ ነበር። ኳሱን አስተካክዬ መታሁ።»

«ጎል ሆነ?»

«አልሆነም። በረኛው ያዘው።»

ሐጂ «ጎል ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉ።

ይበልጣል ሳቀ። ይህን ነገር ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ ወሬ ይቀይራል። ያን ቀን ግን እጁ መሪው ላይ ሆኖ፣ ዓይኑ ከመንገዱ ሳይነሣ ተናገረ። አንዳንድ ሜዳ ላይ ኳሱ እግሩ ሥር ሲደርስ የዝንጀሮ ድምፅ ያሰሙ ነበር። የቡድኑ አለቆች «ለሁሉም የሚደርስ ነው፣ ተጫወት» ይሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሌላ አገር ቡድን ጋር ሲጫወቱ፣ የእነ ይበልጣል በረኛ ስድቡን ሰምቶ ጓንቱን አውልቆ ከሜዳ ወጣ፤ የቀሩትም ተከተሉት። ጨዋታውን በፎርፌ ተሸነፉ። «ከጨዋታዬ ሁሉ የምኮራው በዚያ ሽንፈት ነው» አለ።

መሪጌታ «የትኛው ስድብ ነው የበለጠ የቆየብህ?» ብለው ጠየቁት።

«የልጅነቱ። እዚያ የሰደቡኝ ሰዎች አያውቁኝም። እዚህ የሰደቡኝ ግን ምሳቸውን ያካፍሉኝ ነበር።»



ቡሬ

ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ በላን። ለሐጂም ለመሪጌታም እንዲሆን የጾም ፍርፍር አዘዝን። ለአራታችን ከነሻዩ ስድስት መቶ ብር ከፈልን። ሐጂ ፍርፍሩ ውድ ነው፣ ሻዩ ግን ጥሩ ነው አሉ።

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ባጃጅ የተደገፉ ጎረምሶች ይበልጣልን አዩት። አንዱ «አድጎ!» ብሎ ተጣራ። ሌሎቹም ተቀበሉት። «አድጎ! አድጎ!» እያሉ ከበቡት፤ አብረው ፎቶ ተነሡ። እኔ ባለሁበት ቆሜ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓስፖርት ሲያወጣ ማንንም ሳያማክር ፍርድ ቤት ሄዶ የአባቱን ስም አስመለሰ። አውሮፓ ሲደርስ ፈረንጅ ሰውን የሚጠራው በመጨረሻው ስሙ ነውና ማሊያው ጀርባ ላይ የጻፉለት «አድጎ» ብለው ነው። እኛ የአባት ስም የምንለውን እነሱ የሰውዬው ስም አደረጉት። ስለዚህ ኳስ ባገባ ቁጥር ስታዲየሙ የሚጠራው የእሱን ስም ሳይሆን የአባቱን ነበር። አድጎን በሕይወቱ ሳለ በአደባባይ በአክብሮት የጠራው ሰው አላውቅም። የመጀመሪያውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያየሁ ቀን ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው «አድጎ» ሲል ድምፁን ከፍ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥሩዬ በዚያ ቀን መስማት የተሳነኝ መስሏት ነበር።

ከቡሬ ወዲያ

ከአስፋልቱ ወጥተን በባሕር ዛፍ መካከል የአፈር መንገድ ይዘን ሄድን። በየግቢው በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ መስኮቱን ዘግተንም አስነጠሰን። ጭቃ የለም፣ አቧራው ግን ጎማ ይውጣል።

ከግቢው በር ይበልጣል መኪናውን ግራር ጥላ ሥር አቁሞ ውስጡ ቀረ። እንደ ወጉ ጠያቂው አይታይም። እኔ ከአቶ ሙሉነህ ባለቤት ከእማዋይሽ ጋር ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። አቶ ሙሉነህ ከአውድማ መጡ፤ ገለባ ጋቢያቸው ላይ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ ወጉ ስለሆነ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።»

«ኳስ ተጫዋቹ ነው?»

«እሱው።»

«ኳስ ሥራ ነው?»

«ጨርቅ መለካትም ሥራ አይመስልም» አሉ ሐጂ፤ «ግን ዐሥር ሰው አሳድጌበታለሁ።»

አቶ ሙሉነህ አልሳቁም። «አጥንቱንስ ነግራችሁኝ ታውቃላችሁ?»

መሪጌታ ከሩቅ ጀመሩ። ስለ አዳም፣ ስለ አፈር፣ ብዙ ተናገሩ። አቶ ሙሉነህ እጃቸውን አነሡ። «መሪጌታ፣ አዳምንማ እናውቀዋለን። እኔ የጠየቅሁት ከአዳም ወዲህ ያለውን ነው።» ከዚያ በአጥሩ በኩል አዩ። «መኪናው ውስጥ ያለው ማን ነው?»

እኔ «ልጁ ነው» አልኩ።

«ጥሩት። ሰው ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ አይውልም።»

ይበልጣል እያነከሰ ገባ። እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። አቶ ሙሉነህ ከራስ እስከ እግር አዩት። የመጣንበት ጉዳይ አሁን በሚጠይቁት ጥያቄ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁላችንም አውቀናል። ሳይቀበሉት ከቀሩ ስመኝ አባቷን ትታ እንደማትመጣ ይታወቃል።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአድጎ። የመተከል ሰው ነው፤ ከቆላው። እናቴ የፍኖተ ሰላም ናት፤ የተገኘ ልጅ። እሳቸው ታላቅ እህቷ ናቸው፤ እኔን ያሳደጉ።»

የአባቱን ስም አስቀደመ። ዓይኑንም አላወረደም።

«እኔ የምለው አጥንትህን ነው» አሉ አቶ ሙሉነህ።

«አጥንቴንማ አይቼዋለሁ፣ አባባ። እግሬ የተሰበረ ጊዜ ራጅ አንሥተው አሳይተውኛል። ነጭ ነው። አጠገቤ የተኛው ፈረንጅም ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር። ራጁን አቀያየሩት፤ ስም ባይጻፍበት የትኛው የማን እንደሆነ ሐኪሙም ሊለይ አይችልም ነበር።»

መሪጌታ የዝንብ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ሙሉነህ ፊታቸውን ወደ እሳቸው መለሱ።

«እርስዎ ነዎት ያስጠኑት?»

«እኔ ቅኔ እንጂ አጥንት አላስተምርም» አሉ መሪጌታ።

አቶ ሙሉነህ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሳቃቸውን ለመያዝ ነው። ያኔ እማዋይሽ ከአጠገቤ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንተ ሰው፣ ምን ታደክማቸዋለህ? አጥንቱንማ ከሁላችን በፊት ያየችው ልጅህ ናት። ራጅ ክፍል አይደል የምትሠራው? አይታ ነው የወደደችው» አለች።

ሐጂ ኑሩ በሳቅ «ያዙኝ» አሉ፤ በእውነትም ሊወድቁ ነበር። አቶ ሙሉነህ ሳቃቸው አመለጣቸው። እስኪበቃቸው ስቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጅት አይታ ከጨረሰች እኔ ምን እላለሁ» አሉ። ቀጥለውም ለይበልጣል፣ «አባትህን ሳትደብቅ ጠራህ። ያን ብትደብቅ ባዶ እጃችሁን ነበር የምትመለሱ» አሉት። ዘመዶቻቸውን እንደሚያማክሩ፣ ግን የእሳቸው ቃል እንደማይለወጥ፣ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

እንደ ወጉ ምርቃቱ በአባቶች ስም ነው። አቶ ሙሉነህ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው «የአድጎን ልጅና የሙሉነህን ልጅ እግዜር አንድ ያድርግ» ሲሉ፣ መሪጌታ አሜን አሉ፤ ሐጂም አሜን አሉ። ይበልጣል መሬት ሳመ። ብዙ ስታዲየም ውስጥ ሲጠራ የሰማሁት ስም ነው። እህቴ ባገባችው ቀን ግን እንዲህ ብሎ የመረቀ አልነበረም።

ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ለመጻፍ ስቀመጥ ብዙ አላገኘሁም። ልጁን ከስድብ እጠብቀዋለሁ ስል የኖርኩበት ዘመን አለ። ለካ እሱ የአባቱን ስም ሲጠብቅ ኖሯል።

ምግብ ቀረበ፤ ጾም ስለሆነ ለሐጂም ለሁላችንም የሽሮ ወጥ ነበር። ወንዶቹ ጨዋታ ያዙ፤ ሐጂ የሙዙን ነገር እንደገና እያነሡ ነበር። እማዋይሽ «እዚሁ እደሩ፣ ይበልጣልም ይረፍ፤ ነገ ትሄዳላችሁ» አለችኝ። ልጁ ያለ እኔ ይለምዳቸው ብዬ፣ እነሱ እንዲያድሩ፣ እኔ ግን አስፋልቱ ላይ የሕዝብ መኪና እንደምይዝ ነገርኳት። እጄን ታጥቤ ነጠላዬን አጣፋሁ። በበርበሬው ሰሌን ዳር አልፌ፣ ከበሩ ወጣሁ።