ሳጥን የምትፈልጥ ልጄ

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ወዲህ ልጄ ቤት ነበረች፣ ለማለት ያህል ነበረች። አላለፈችም። አላለቀሰችምም። ስልኳን ይዛ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለች፤ ጎደሬ ቀቅዬ ሳቀርብላት በአንድ እጇ እየበላች በሌላው ጌሟን ትጫወታለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ የፈራሁት አረብ አገርን ነው። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ከቴፒ በደላላ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። የእኔዋም ውጤቱ በመጣ በሳምንቱ፣ "እማ፣ መታወቂያዬን ስጪኝ" ስትለኝ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። መታወቂያው አልጋዬ ስር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ መቀነቴ ላይ ታስሮ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብሮኝ ይሄዳል። ለምን እንደፈለገችው ልጠይቃት አሰብኩና መልሱን ፈራሁ። "ቆይ ነገ" አልኳት። በነጋታውም "ቆይ ነገ" አልኳት። ከዚያ መጠየቋን ተወች። መተዋ ይባስ አስፈራኝ።

አንድ ቀን ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ምሳ ሊበላ መጣ። እሱም እንደ እሷ ጌም ካገኘ አገር ቢፈርስ አይሰማም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስልኳን ሲያይ እኔም ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። አንዲት ቁምጣ የለበሰች ሴት ጫካ ለጫካ ትሄዳለች። የተቆለፈ ሳጥን ታገኛለች። ልጄ በጣቷ ጫን ስታደርግ ሴትዮዋ ሳጥኑን በመጥረቢያ ትፈልጠዋለች፤ ወርቅ ይዘረገፋል። ትንሽ ሄዳ ሌላ ሳጥን አገኘች፤ እሱንም ፈለጠችው። እጄ ሳላስበው መቀነቴን ያዘ።

"አንቺ ሌባ" አላት ወንድሜ። "ቁልፍ ፈልጊ እንጂ። ጌሙን እኮ አበላሸሽው።"

"ቁልፍ ፍለጋ ስዞር ልክረም? አንተ ባለፈው አንድ ቁልፍ ስትፈልግ ውለህ ሳጥኑ ውስጥ ምን አገኘህ? ጫማ።"

"ቢሆንም የለፋሁበት ጫማ ነው። በመጥረቢያ የሚከፈት ከሆነ መቆለፉ ለምን አስፈለገ? ክፍቱን አይተዉትም?"

"ቁልፉንስ ዘንዶ ዋሻ ውስጥ የሚያስቀምጥ ጤነኛ ሰው አለ?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ አንቺ ፍረጂን። የተቆለፈ ሳጥን ያለ ቁልፍ ይከፈታል?"

እሱ ለጨዋታ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን አልጋዬ ስር ያለውን ሳጥን ነበር የማስበው።

"ባለቤቱ የታለ?" አልኩ።

"ባለቤት የለውም፤ ጌም ነው እማ" አለች ልጄ፣ ቀና ሳትል።

"ጫካ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት ነው? አባቴ ሸኮ ጫካ ውስጥ ቀፎውን ሰቅሎ ይመጣ ነበር። ጓጉንቸር የለው፣ ዘበኛ የለው። ማን ነካው? ዛፉ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።"

"ንቡስ?" አለ ወንድሜ። "እኔ ልጅ ሆኜ ወጥቼ ፊቴ አብጦ አልነበር እንዴ? ሰው የማይነካው ባለቤቱን አክብሮ ብቻ እንዳይመስልሽ።"

"ያ እብጠት የንብ ብቻ መሰለህ? ግማሹ የአባባ ጥፊ ነው።"

ልጄ ሳቀች። ስልኩን ፍራሹ ላይ አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር። ሳቋ መሰለኝ ያደፋፈረኝ፤ እዚያው ወንድሜ ፊት ጠየቅኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን መታወቂያ ምን ልታደርጊበት ነው? ልትሄጂብኝ ነው?"

"የት?"

"አረብ አገር ነዋ።"

"በግል ልፈተን ልመዘገብ ነው እማ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው። አንቺ ቆይ ነገ ስትይኝ፣ አፍራብኛለች፣ እንደገና እንድፈተን አትፈልግም ብዬ ተውኩት።"

"ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ታውቂ ነበር?"

"አልጋሽ ስር የምጠርገው እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ያንቺን ሳጥን ልፈልጠው?"

"መጥረቢያውማ ደጅ ነበር" አለ ወንድሜ።

ቁጭ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ያን ሁሉ ቀን እኔ ገበያ ስውል እሷ ከዚያ ሳጥን ጋር ብቻዋን ነበረች። ጓጉንቸሩ ደግሞ አሮጌ ነው፤ በድንጋይ ቢመቱት ይወልቃል። አልነካችውም። ለመሄድ የቆረጠች ልጅ እንዲህ አታደርግም።

ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ ሳጥኑን ከፈትኩና መታወቂያውን ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ በወንድሜ ባጃጅ ወደ ምዝገባው ሄድን። እኔ ከውጭ በመስኮቱ እያየሁ ቆምኩ። ጽሕፈት ብዙም አይገባኝም፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ስትፈርም አየሁ። ትከሻዬን ተጭኖኝ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ፈተናውን እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ይሄኛው ግን እናት ሁሉ የምትፈራው ነው፤ እየፈሩም ይበሉበታል፣ ይተኙበታል።

ወንድሜ ሰው ጭኖ ስለሄደ በእግራችን ተመለስን። ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ፊዚክሱ፣ የቱ ላይ እንደወደቀች መንገዱን ሙሉ አወራችልኝ። ግማሹ አልገባኝም። ቢሆንም አላቋረጥኳትም።