በግዝት የታሰረ ቫልቭ

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከወገዳ ወዲያ፣ መኪና ደርሶ ከሚመለስበት ትንሽ አለፍ ብላ የተቀመጠች፣ በስማዳ ምድር ካሉት ሁሉ ክፉ መንገድ ያላት ናት ብል ይበቃል። በዓመት አራት ጊዜ እሄድባታለሁ። አራቱንም ጊዜ እየተሳደብኩ ነው የምገባው።

ሥራዬ የውሃ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን ሰርቪስ ማድረግ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ተነስቼ እስቴን፣ ጋይንትን፣ ስማዳን አዳርሳለሁ። ኮምፒውተሩ ጥልቅ ጉድጓዱ ስንት እንደሚስብ፣ ማጠራቀሚያው ምን ያህል እንደሞላ ያነባል፤ ሲታዘዝም ፓምፑን ያስነሳል፣ ቫልቩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ባትሪውን እቀይራለሁ፣ መረጃውን በፍላሽ እገለብጣለሁ፣ ሴንሰሩ አለመዋሸቱን እንጨት ማጠራቀሚያው ውስጥ ነክሬ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ቼክሊስት የሚባለው ወረቀት ላይ በየመስመሩ ምልክት አደርጋለሁ። የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ሳይበላሽ ከቆየ ማንም አያስታውስሽም፤ ከተበላሸ ግን ስምሽ ከማንም ቀድሞ ይነሳል።

በዚያች ከተማ ያሉት ኦፕሬተር መሪጌታ ናቸው። ጋይንት ሄደው ድጓ ተምረዋል። ድምፃቸው ሲዘጋ ማስተማሩን ትተው በዘመድ የፓምፕ ቤት ጥበቃ ገቡ፤ ጣቢያው ኮምፒውተር ሲገባለት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሠልጥነው ኦፕሬተር ተባሉ። አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም አይወዱኝም፤ ይህን ለመደበቅ ሁለታችንም ደክመን አናውቅም።

ያን ጊዜ ሁዳዴ ነበር። ገና ደርሼ የኤሌክትሪኩን ሳጥን ስከፍት ከሽቦዎቹ ሥር አንድ ቁና የሚሆን የዘር ሽምብራ በከረጢት ተቀምጦ አገኘሁ።

«መሪጌታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽምብራ ነዋ። አታውቂውም?»

«መብራት ባለበት ሳጥን ውስጥ?»

«ይሞቃል። ነቀዝ አይደፍረውም።»

«አይጥስ?»

«አይጡ የመጣው ሽቦ ሊበላ ነው። ሽቦውን ያመጣችሁት ደግሞ እናንተ።»

ከረጢቱን አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኩት ከማለት ዘረገፍኩት ማለት ይቀላል፤ ብዙው ፈሰሰ። አንድ በአንድ ሲለቅሙ ቆሜ አየኋቸው። አላገዝኳቸውም።

ጠባችን ግን ከሽምብራው አልነበረም፤ ከቼክሊስቱ አሥራ አራተኛ መስመር ነው። መስመሩ እያንዳንዱ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ወደነበረበት ይመለስ ይላል። ትክክል ነው። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ቫልቭ ዝቃጭ ይይዘዋል፤ ቧንቧ በፈነዳ ቀን ዝጋ ሲሉት እምቢ ይላል። ባለፈው ዙር ለአንዱ ቫልቭ መስመሩን ባዶ ትቼው መጥቼ አለቃዬ «ለሽርሽር ነው እንዴ የምትሄጂው?» ብሎኛል። ቂሙ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ያ አንድ ቫልቭ ከማጠራቀሚያው ወደ ታች ሰፈር በሚወርደው መስመር ላይ ያለው ነው። ውሃው ሲያንስ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተጣልተውበታል። አንዱ ሌሊት እየወረደ ያጠበዋል፣ ሌላው ወጥቶ ያሰፋዋል፤ በመጨረሻ በመጥረቢያ ተማትተው አንድ ሰው ክንዱን አጣ። ሽማግሌ ገባና ታረቁ። ቫልቩን ሁለቱም ወገን ባሉበት ከዝግ ዘጠኝ ዙር ከፍተው አቆሙት፤ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው «ከዚህ ያነቃነቀው፣ እጁን የሰደደበት፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ። መሪጌታ የላይ ሰፈር ሰው ቢሆኑም የታቾቹ ስላመኗቸው ጠባቂ ሆኑ። ቫልቩ ያለበት ትንሽ ጉድጓድ በብረት ክዳን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእኔ ስክሪን ላይ ያ ቫልቭ አርባ በመቶ ይላል፤ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

«ይቺን ተያት» አሉኝ። «ምልክቱን አድርጊና ሂጂ።»

«ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልጽፍም።»

«ግዝት አለበት እያልኩሽ!»

«ግዝት ዝገት አይከለክልም መሪጌታ።»

አዩኝ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዘንጋቸውን አንስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቶሎ እንደማይመለሱ አውቃለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሁለቱም ነበርኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ለራሴ አስረዳሁ፤ ግዝቱ እጁን የሰደደበት ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ ጉድጓዱ አጠገብ አልደርስም። ሁለት ደቂቃ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ አርባ ላይ ይመለሳል፤ ማንም አያውቅም። በደንቡ፣ ሙከራ ሲደረግ ቫልቩ አጠገብ ሰው መቆም ነበረበት። ሰው አላቆምኩም። ዝጋ የሚለውን ተጫንኩ።

ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥር፣ ዜሮ። እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘ። ክፈት አልኩት። ዜሮ። ደግሜ ክፈት አልኩት፤ ስክሪኑ ቀይ ሆነና ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ስለተጨነቀ ራሱን አጠፋ የሚል ጽሑፍ መጣ። የሁለት ዓመት ዝቃጭ ነክሶታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ሮጬ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ፤ ክዳኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ቅዳሴ ላይ ነው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከታች ሰፈር ቦኖ ላይ ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ መጡ። ከኋላቸው ወንዶች መጡ።

«የላዮቹ ዘጉብን!» ትላለች አንዷ። «በጾም፣ ሰው ቅዳሴ ቆሞ ሳለ!»

«አንቺ፣ ምን ይታይሻል በዚያ በቴሌቪዥንሽ?» አለኝ አንድ ሰው።

ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥን ነው የሚሉት። ያያል እንጂ ይሠራል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። «ውሃው ቆሟል» አልኩ። «አያችሁ!» አሉ። ሁለት ሰዎች የላይ ሰፈርን ቧንቧ እንሰብራለን ብለው መንገድ ጀመሩ። አንዱ መጥረቢያ ይዟል።

መሪጌታን ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ ሕዝቡ ሳይሰናበት ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥተው መጡ። ነጠላቸው እንደተጣፋ ነው። ወደ እኔ ጠጋ አሉና በጆሮዬ «ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

«ሞከርኩት። አልመለስ አለ።»

«በምን?»

«በኮምፒውተሩ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው «በሕግ አምላክ! ቁሙ!» አሉ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው። ቄሱ መቅደስ ውስጥ ናቸው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጡም። ባለ መጥረቢያው ደግሞ ቄስ የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። መሪጌታ ቁልፉን ከማተባቸው ፈቱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ወረዱ። የብረት ቱቦ በመዘውሩ አስገብተው ሲስቡት መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ፤ ከዚያ ጮኸና ዞረ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ በግዕዝ ቆጠሩ፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ተስዓቱ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ከታች ውሃው መጣ የሚል ጩኸት ተሰማ።

ወጥተው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንድ የታች ሰፈር ሽማግሌ ፊታቸው ቆመ።

«መሪጌታ፣ ክዳኑ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ከእርስዎ ነው።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ክዳኑን መልሰው ቆለፉ። እኔም እኔ ነኝ ሳልል የብረት ቱቦውን ከመሬት አነሳሁ።

መኪና ስላልነበረ እስከ ሰኞ ቀረሁ፤ ባልቀር ይሻለኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠየቁ።

«የተገዘተውን የነካው እጅ የማን ነው?»

«የእኔ ነው አባ» አሉ መሪጌታ።

«ሌላ የሰደደ እጅ አለ?»

«የለም።»

አልዋሹም። ዘጋሁት አላሉም፤ ነካሁት ነው ያሉት። ሰው ግን የሰማው ዘጋሁት ሲሉ ነው፤ ወደ ቅዳሴ ሲያልፉ ዘግተውት ነው ተባለ። ከታቾቹ አንዷ ሴት «ለወገንህ ብለህ!» ብላ መሬት ላይ ተፋች፤ አንቱታውን ያን ቀን ነጠቀቻቸው። ቁልፉን ተቀበሏቸው። ንስሐቸውን እስኪፈጽሙ ከቅኔ ማኅሌት እንዳይቆሙ፣ ጸናጽል እንዳይዙ ተባለ። የውሃ መሥሪያ ቤቱም የታች ሰፈር ካላመናቸው እዚህ ሊሠሩ አይችሉም አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ልክክ ሲል ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ከአጠገቤ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፣ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ሊወስዱ ፓምፕ ቤት መጡ።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። እንደ ማመስገን ልለው ፈልጌ ነበር፤ እንደ ቁጣ ወጣ።

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ?» አሉ። «ይህ ሰው የሚፈራው እጁን ነው። ያለ እጅ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዘጋል ይከፈታል ብዬ ብነግረው ከነገ ጀምሮ ግዝቱን ማን ይሰማዋል? ውሃ ባነሰ ቁጥር ይጠረጣጠራል። ክንዱን ያጣው ሰውዬ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ! አሁን ያን ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ሽቦ በጥሺው። ከሳጥንሽ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ባላይሽ ደስ ይለኛል።»

ሽምብራቸውን ተሸክመው ወጡ። ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት፣ ቫልቩንም ከሶፍትዌሩ አወጣሁት። ይህን ማድረግ ቀላል ነበር። ሳወጣው ግን ሶፍትዌሩ የትእዛዞቹን መዝገብ ከፈተልኝ። እዚያ ላይ ዝጋ ያለው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። ስሜ ነው ያለው። ክፈት፣ አልተቻለም፤ ክፈት፣ አልተቻለም፤ ከሥሩ እንደገና ስሜ። አትሜ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በድብቅ ባሳየው ቢያንስ እንጀራቸው ይተርፍ ነበር፤ ሰፈር ሳይሰማ ሌላ ጣቢያ ሊያዛውሯቸው ይችላሉ። ወይም መዝገቡ እንዳለ ለአለቃዬ ይደርሳል፣ ሰው ሳታቆሚ ሞከርሽ ተብዬ እባረራለሁ።

መስመሮቹን ሰረዝኳቸው። ስሰርዝ መሪጌታ የነገሩኝን ለራሴ ደገምኩት፣ ግዝቱ እንዳይናቅ ብዬ ነው አልኩ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የሰረዝኩት። እሳቸውን ደግሞ ያን ምክንያት ስለሰጡኝ ከቀድሞው ይበልጥ ጠላኋቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ አዲስ ኦፕሬተር ነበረች፤ ከኮሌጅ የወጣች፣ ሳጥኑን ያጸዳች፣ እሺ ማለት የማይከብዳት ሴት። ሥራው ቶሎ አለቀ። በር ላይ ቆመን ሳለ ቅዳሴ ተፈትቶ ሰው ይወጣ ነበር፤ መሪጌታ ከቅጥሩ ውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ማንም እጅ ሳይነሳቸው ያልፋል።

«እህቴ፣ አንቺ ያኔ ነበርሽ አሉ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። መሪጌታ እውነት ምንድን ነው ያጠፉት?»

ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«ቫልቩን ዘግተውት ነው» አልኳት።