ከቀፊራ የሚመጣው ሽያጭ

ጎረቤቴ ካሣ ከታላቅ እህቱ ከበለጠች በቀር ከማንም ጋር ተጣልቶ አያድርም። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው ሁለት የጨርቅ ሱቅ ትተውላቸዋል፤ ከዚራ ሰፈር ያለው የእሱ፣ ቀፊራ ገበያ ያለው የእሷ። በአባታቸው ተዝካር ሰው ፊት ተዘላለፉና ተኳረፉ። ሽማግሌ ሆነን ብንሄድ አባረረን። ግትር ነው፣ ምን ይደረግ!

ታዲያ የካሣ ልጅ ኑኃሚን ለሁለቱም ሱቆች የንግድ ፕሮግራም አስገባች። ንግድ ፈቃዱ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሱቅ የሸጠው ወዲያው በኢንተርኔት በሌላው ባለሱቅ ስልክ ላይ ይታያል።

«አቦ፣ የእሷ ሽያጭ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ተቆጣ። ውስጡን ግን ለቄስ።

በቀትር ከተማችን በሯን ዘግታ ትተኛለች። ካሣ ሽርጡን አገልድሞ ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል፣ እኔም አጠገቡ። ቬንቲሌተሩ ሙቀቱን ያማስላል። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። በለጠች ከልጅነቷም ቀን አትተኛም፤ ከጀልዴሳ ገጠር የመጡ ሴቶች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ከእሷ ይገዛሉ። «አራት ሜትር የሽቲ ጨርቅ፣ አረንጓዴ» ይላል ስልኩ። ካሣ ዓይኑን እንደጨፈነ ያያታል፤ ጨርቁን በክንዷ ስትለካ፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ስትቀድ።

«አሁን ሳቀች» ይለኛል፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ።

ሙቀቱ ነው እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ሳቋን የሰማሁ የሚመስለኝ ቀን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከቀፊራ ምንም ሳይመጣ ዋለ። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ቀትር ላይ ካሣ ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩት።

«የእኔ እየገባ? አሟት ይሆን እንዴ?» ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

ሽርጡን እንኳ ሳይቀይር ባጃጅ ውስጥ ገባ፤ ተከተልኩት። ሱቋ ተዘግቷል። ከጀርባ ያለውን የቤቷን በር ደበደበ፣ ደበደበ። የከፈተችው ራሷ በለጠች ናት። ትንሽ ከስታለች እንጂ ደህና ናት። ስልኳን ይዛለች፤ የእሱ ሱቅ ሽያጭ ተከፍቶ ይታያል።

«ምነው ዘጋሽ?» አላት።

«ዓመት ሙሉ ሸጬ አልመጣህም። ባልሸጥስ ብዬ ነው።»

ካሣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ እዚያው መንገደኛ እያየው አለቀሰ። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ክንዱን ያዘችው።

«ተነስ በቃ፣ ግባ፤ ፀሐዩ ይመታሃል።»