«ተደናቅፎ ነው»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬም የማንጎ ሙጫ ጣቴን ሲነካኝ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ሲመጣብኝ፣ ባምባሲ ከነበረው ግቢያችን ራሴን አገኘዋለሁ።

ክልላችን ገና መቋቋሙ ነበር። አባቴ አሶሳ በተከፈተው የክልሉ ቢሮ ተመድቦ፣ እኛ ጋ የሚመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ዛፍ ላይ እንዳላስወጣው ስንቴ አስጠንቅቃኛለች! ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከፍታ ይፈራል። እኔ ደግሞ ጫፍ ላይ የቀላችው ማንጎ አስጎመጀችኝ። «ፈሪ! ሴቶቹ እንኳ ይወጣሉ» አልኩት። ወጣ። «ይቺን ነው?» ከማለቱ ቅርንጫፉ ተገነጠለ።

ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ፤ አልንቀሳቀስ አለ። ውሃ ረጨሁበት፤ ቆይቶ ነቃ፣ አስታወከ። ትውኪያውን አፈር አለበስኩት።

እናቴ ደርሳ፣ አዝላው ክሊኒክ ሄድን። ጤና ረዳቱ ረጋ ያለ የወሎ ሰው ነበር፤ የወንድሜን ዓይን በባትሪ እያየ እኔን ጠየቀኝ፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኛ።

«ከምን ላይ ወደቀ፣ እቱ?»

«ተደናቅፎ ነው።»

«ራሱን ስቶ ነበር? አስመልሶታል?»

«ኧረ የለም!»

ቁስሉን ሰፍቶ፣ «እንቅልፍ ካበዛ ቶሎ አምጡት» ብሎ ሸኘን።

ከምሳ በኋላ ብንቀሰቅሰው አልነቃም። ተመልሰን ስንሮጥ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር። ጤና ረዳቱ የጭነት መኪና አስቁሞ አብሮን ተሳፈረ፤ አንገቱ እንዳይታጠፍ እስከ አሶሳ ድረስ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። «ከዛፍ ቢሆን ጠዋቱኑ ሆስፒታል እልከው ነበር። በመደናቀፍ እንዲህ?» አለ ለራሱ። ያኔ አለቀስኩ፤ ሁሉንም ተናገርኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

ሆስፒታል ራሱን ከፍ አድርገው አስተኙት፤ ኦክስጅን አደረጉለት፤ የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ተረፈ። ግን ቀኝ እጁ ማንኪያ መያዝ አቃተው፤ ንግግሩም ቃል እየፈለገ ነው እስከ ዛሬ።

የዚያን ዕለት አባቴ ከቢሮ እየሮጠ መጣ። ከዛፍ መውደቁን ሲሰማ፣ «ማነው ያስወጣው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለችው እናቴ። «ማንጎ አምሮኝ።»

ለወራት አላናገራትም። እሷም እስኪሞት ድረስ እውነቱን አልነገረችውም።