ትንፋሽ ያጠረው የሙሽራ መኪና

የልጅ ልጄ ፈተና ደርሶባት ሰሞኑን ቤቱን በሞተር ትምህርት ሞልታዋለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ እኔ ምስር ስለቅም እሷ ጮክ ብላ ታጠናለች። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በሳበው አየር ልክ ነው፤ አየሩ ካነሰው ቤንዚን ቢፈስለትም በወጉ አይነድለትም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ብዙ መሳብ ስላለበት መግቢያው ከተዘጋ ይታፈናል፤ እንዲህ እንዲህ እያለች። እኔ ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል እማማ?"

"ይህንማ እኔ በሠርጌ ቀን ተምሬዋለሁ" አልኋት። አላመነችኝም። እኔም ምስሩን ወደ ጎን አድርጌ ነገርኋት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ የሺ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ባገራችን ቆሞ ቀር ልባል ምንም አልቀረኝም። ከዓለሙ ጋር ከታጨሁ ቆይቻለሁ፤ ዓምና ልንጋባ ስንል አባቱ ሞቱና ሐዘን ሆነ። ዘንድሮም ቀኑ ሲንከባለል ሲንከባለል ቅበላ ላይ ወደቀ። እሑድ ካልገባሁ ሰኞ ሁዳዴ ይያዛል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ጎረቤቱ "ይኸ ነገር ገድ የለውም" ማለት ስለ ጀመረ፣ አንዴ ደግሞ ቢተላለፍ ጋብቻው እንደሚፈርስ አክስቴም እኔም አውቀነዋል። ዓለሙን ገበያ ላይ ከሩቅ አይቼዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እንዳጣው አልፈልግም ነበር።

የዓለሙ አጎት አያ ደስታ እህል ነጋዴ ናቸው። በቅሎ ንቀው ከነፋስ መውጫ የጭነት መኪና ይዘው ከች አሉ። ያኔ በበጋ ካልሆነ መኪና የሚደፍረን ስላልነበር አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። የሞተሩ ክዳን በግራና በቀኝ ለየብቻ ይከፈታል፤ ግራውን ከፍቶ አክስቴን ያስጎበኛታል፤ እኔም ከቤት ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

"ይኸስ ምኑ ነው?" አለችው።

"አፉ ነዋ፣ እትዬ። በዚህ አየር ይውጣል፤ ከዚያ ቤንዚኑን ይጠጣል። ያለዚያ አንዲት ክንድ አይራመድም።"

በኛ አገር ሰው ሲበላና ሲጠጣ በጋቢ ይጋረድለታል፤ ዓይን የሚገባው አፍ ተከፍቶ ሲውጥ ነው ይባላል። እኔን አከናንበው መኪናው ውስጥ ሲያስገቡኝ አክስቴ አቅፋኝ እያለቀሰች በጆሮዬ "አይዞሽ፣ ሾፌሩ ዘወር ሲል ነጠላዬን አጥፌ የመኪናውንም አፍ ጋርጄልሻለሁ። ይኸ ሁሉ ሰው እያየው ሲውጥ እንዳይበሉብሽ" አለችኝ። እኔም በልቤ መረቅኋት።

ሾፌሩ፣ እኔና ዓለሙ ከፊት፣ ሚዜዎቹና አጃቢው ከኋላ ሆነን ተነሣን። በሕይወቴ እንዲያ ተደስቼ አላውቅም! በራሴ ላይ የተደረገው ለጋ ቅቤ በሞተሩ ሙቀት እየቀለጠ በአንገቴ ይወርዳል፤ አውድማው፣ የገብስ ገለባው፣ እየጮኹ የሚከተሉን ልጆች በነጠላዬ ሽንቁር ሽው ይላሉ። ሜዳው ላይ መኪናው ደህና አድርጎ ሄደ። ዳገቱን ሲጀምር ግን ያጓራል እንጂ አይወጣም። ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፤ ቆመ።

ሾፌሩ የቀኙን ክዳን ከፈተ። "ቤንዚኑ ቆሽሾ ነው" ብሎ ቱቦውን በአፉ እፍ አለው። አልሆነም። አጃቢው ወርዶ በእግሩ ይሂድ ተባለ፤ እሱም አልሆነም። ደጋግሞ ሞከረ፤ በሞከረ ቁጥር ጭሱ ይብሳል። ፀሐይዋ ወደ ጉና ተራራ ዘንበል ማለት ጀመረች።

"ልጅቷን ለዘመዶቿ እንመልስ" አሉ አያ ደስታ። "ከፋሲካ በኋላ እግዜር ያውቃል።"

እንባዬ መጣና በኃይል ስተነፍስ ነጠላው አፌ ላይ ልጥፍ አለ። በዝግታ ስተነፍስ ይበቃኝ የነበረው አየር ሳለቅስ አልበቃኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሜዳ ላይ አየር የበቃው መኪና ዳገት ላይ የታፈነው እንደኔው በነጠላ ነው!

ግን ሙሽራ አትናገርም። በመንገድ ላይ አፏን የከፈተች ሙሽራ "ዓይን አውጣ" ተብላ ዕድሜዋን ትኖራለች። ደግሞስ ተናግሬ አክስቴን ላዋርዳት? ሾፌሩ ወርዷል፤ ዓለሙ ብቻ አጠገቤ አለ።

"በግራ በኩል ይክፈቱት" አልሁት በሹክሹክታ። "አፉ ላይ ነጠላ አለ።"

ክው ብሎ ዞረ። "ማን አደረገው?"

"አክስቴ ናት። ዓይን እንዳይገባው ብላ ነው። እባክዎ፣ ሰው አይስማብኝ።"

ወርዶ በግራ በኩል ዞረ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ነጠላዋን መንጭቆ ከካባው ሥር ሸሸጋት። "እስቲ አሁን አስነሣው" አለው ሾፌሩን።

ሾፌሩ ዘሎ ገብቶ ሲያስነሣው መኪናው ጮኸ! ጭሱ ጠራ፤ ሾፌሩ ሳቀ። "ምን አደረግኸው አንተ?"

"ቅጠል ገብቶበት ነበር" አለ ዓለሙ። አጃቢው እልል እያለ ተንጠላጠለ፤ ከዚያ በኋላ ያን ዳገት እንዴት እንደ ወጣነው አላውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን።

በፋሲካ አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ዓለሙ ተነሥቶ ጉልበቷን ሳመ። "እናቴ፣ መኪናው በሰላም የገባው እርስዎ ስለ ጋረዱት ነው" አላት። የሺ በኩራት ደረቷን ነፋች። እስክትሞት ድረስ ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ኖረች።

"አያቴ ለማንም አልተናገረም?" አለች የልጅ ልጄ።

"ለማንም።"

እሱም ካለፈ ቆየ። ትዳር ዕጣ ነው ይባላል፤ እኔ ምን እንደ ወጣልኝ ያወቅሁት ገና አማቴ ቤት ሳልደርስ ነው። የአክስቴን ነጠላ ከካባው ሥር ሲሸሽጋት በሽንቁሩ አየሁት፤ ሰው ሁሉ ስለ መኪናው እልል ሲል እኔ በልቤ እልል ያልሁት ለሱ ነበር።