አሥራ ሁለቱ የግንቡ በሮች

ጆሃንስበርግ ተወልደው ያደጉ ስድስት የኢትዮጵያውያን ልጆች ለጥምቀት ወደ ጎንደር ሊሄዱ ነበር። ስለ ግንቡ ግቢ እንዳስረዳቸው፣ ከዚያም እንድመራቸው የጠየቁኝ የጎንደር ልጅ ስለሆንሁና የመመረቂያ ጽሑፌን በግቢው ላይ ስለጻፍሁ ነው። እሺ ካልሁ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። የግቢውን ንድፍ ሦስት ጊዜ ሥዬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። አንድ ጥያቄ ፈርቼ ነበር፤ ከመጣ እምነታቸውን አጣለሁ።

ቅዳሜ ዕለት እዚያው ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር በሚገኝ ጠባብ አዳራሽ አራተኛውን ንድፍ ሰሌዳው ላይ ለጠፍሁ። ነገሥታቱ በአባታቸው ግንብ መኖርን ትተው እያንዳንዳቸው አጠገቡ የራሳቸውን እንደሠሩ አስረዳሁ። የአንበሶቹን ቤት አሳየሁ፤ ለጥምቀት ውኃ የሚሞላው መጠመቂያ ከግቢው ርቆ እንደሚገኝ ነገርኋቸው። አሥራ ሁለቱንም በሮች ጠራሁ፤ ወምበር በር፣ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር እያልሁ።

አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ቴምቢሳ ሱቅ ያለው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጇን አነሣች፤ የሚጠሩኝ «አንቲ» ብለው ነው፣ እንደኛ «እትዬ»።

«አንቲ፣ እርስዎ የሚገቡት በየትኛው በር ነበር?»

ቤታችን ከግንቡ አጥር ጀርባ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው አጥሩን ታክኬ ነው። ክፍላችን ለጉብኝት ሲገባ ታምሜ ቀረሁ፤ አባቴም ግንቡ የትም እንደማይሄድብኝ ነግሮ አጽናናኝ። እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ እስከ በሩ እንሸኘዋለን፤ እሱ ይገባል፣ እኛ ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። ጽሑፌንም የጻፍሁት አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ከመጻሕፍትና ከንድፎች ነበር።

«ገብቼ አላውቅም» አልሁ።

ከስድስቱ አንዱ፣ የዳቬይተን ሰፈር ወጣት፣ ቀድሞ ተናገረ፤ «ኢሽ አንቲ፣ እኔም የወርቅ ከተማዋ የጆሃንስበርግ ልጅ ነኝ፤ የወርቅ ጉድጓድ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

ሁሉም ሳቁ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ታዲያ ማን እንደሚመራቸው ጠየቀችኝ። እዚያው ግቢ የሚሠራ አስጎብኚ እንደሚሻል፣ እኔም ከፈቀዱልኝ ከኋላቸው እንደምከተል መለስሁ። ጥቂት አሰበች። ከዚያም ንድፉን ከሰሌዳው በጥንቃቄ አንሥታ፣ አጥፋ ሰጠችኝ።

«እርስዎ ይያዙት። የተሳሳተ ካለ እዚያው ያርሙታል።»

ቲኬት ከቆረጥሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መቀመጥ አሁንም አቅቶኛል፤ እርግብ በርን ያለ ቦታው አስቀምጬው እንደሆነ እያልሁ ንድፉን እዘረጋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ።